ከደረጃው ሥር ካምፕ የገባን ጊዜ

አባዬ «ከዛሬ ጀምሮ ካምፕ ገብተናል» ሲለኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ገና ሁለተኛ ክፍል ብሆንም ካምፕ ምን እንደሆነ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ልጅ በሰፈሩ አልነበረም። ትልቅ ጨዋታ ሲደርስ ተጫዋቾቹ አንድ ቦታ ይሰበሰቡና በር ይዘጋባቸዋል። ዘመድ አይጠይቃቸውም፣ ከተማ አይወጡም፣ በጊዜ በልተው በጊዜ ይተኛሉ። ሳያስፈቅድ የወጣ፣ ኮከብም ቢሆን፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተሰፍቶ ይከርማል። እንግዲህ እኛም ተራችን ደርሶ ሊዘጋብን ነው ብዬ ኮራሁ። ወይ ልጅነት!

ይህን ሁሉ የማውቀው የምንኖረው ስታዲየም ውስጥ ስለነበር ነው። ውስጥ ስል የእውነቴን ነው፣ አጠገቡ ማለቴ አይደለም። ቤታችን ከምሥራቁ መቀመጫ ደረጃ ሥር የተወሸቀች አንዲት ክፍል ናት። ጣሪያችን የደረጃው ሆድ ስለሆነ አባዬ በሩ ጋ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ግን እየጎበጠ ይሄድና አልጋው ጋ ሲደርስ በጉልበቱ ነው የሚድኸው። መስኮት የለንም። የጨዋታ ቀን ሕዝቡ ከላያችን ሲዘል ጣሪያው አቧራ ያራግፋል፣ እማዬም ክዳን ይዛ ወደ ድስቷ ትሮጣለች። ጎል መግባቱን የምናውቀው ምሳችን ውስጥ አሸዋ ሲንኮሻኮሽ ነው።

የአባዬ ሥራ ሣር ነበር። ያጭዳል፣ ያጠጣል፣ በኖራ መስመር ያሰምራል። ሰው ሁሉ «ባለሜዳው» ይለዋል። እማዬ ደግሞ የተጫዋቾቹን ማልያ ታጥባለች። የተሸነፉ ቀን ማልያው የበለጠ ይቆሽሻል ትል ነበር፤ ቀልዷ ይሁን ቁም ነገሯ እስካሁን አላውቅም።

አባዬ የስታዲየሙን ታሪክ ካነሳ ማቆሚያ የለውም። በአያቴ ዘመን ሜዳው በገመድ የታጠረ ባዶ መሬት ነበር፣ ተመልካቹም ቆሞ ነው የሚያየው። አያቴ አንድ ትልቅ የብረት መዳመጫ በአህያ እያስጎተተ መሬቱን ሲያስተካክል ይውላል። ቀጥሎ የእንጨት መቀመጫ ተሠራ፣ እሱም ተቃጠለ። በቦታው የሲሚንቶው ደረጃ ሊሠራ ሲል በሜዳው ዙሪያ ቤት ቀልሰው ለሚኖሩት ሠራተኞች ሁሉ «እስኪያልቅ ድረስ ውጡልን፣ ከዚያ ትመለሳላችሁ» ተባለ። የወጡት ወጡ፤ አንዳቸውም አልተመለሱም። አያቴ ብቻ አሻፈረኝ አለ። ሚስቱንና ልጁን ይዞ መዳመጫው ከሚቀመጥበት ዳስ ሥር ክረምቱን ከረመ። ሥራው ሲያልቅ ከደረጃው ሥር ያለችውን ክፍል ሰጡት። አባዬ እዚህ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግና፣ ቤተሰብ ያለበትን ቤት ማንም ደፍሮ አያፈርስም ይለኛል። የገዛ እናቱ በዚያ ክረምት ሳል ይዟት እንደሞተች ግን አልነገረኝም። እሱን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ከአክስቴ ነው።

የስታዲየሙን እድሳት ይዞብን የመጣው የግንባታው ፎርማን ነው። ረጅም፣ ቅንድቡ ላይ ሲሚንቶ የማይጠፋ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነበር። አባዬ ገና ከመጀመሪያው ቀን «አፍራሹ» የሚል ስም አወጣለት። በራችን ላይ አንገቱን ሰብሮ ቆሞ ነገሩን አስረዳ። መጀመሪያ ከማዶ ያለው ባለጣሪያ መቀመጫ፣ ጥላ ፎቁ፣ ይፈርሳል፣ ቀጥሎ ከጎሎቹ ጀርባ ያሉት፣ የእኛ ደረጃ መጨረሻ ላይ። ለእኛ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ የሠራተኞች ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተዘጋጅቷል፣ መስኮት ያለው። እማዬ መስኮት የሚለውን ስትሰማ እጇን ከማልያው ውሃ ውስጥ አወጣች። አባዬ «እናያለን» ብቻ አለ።

ካምፕ የገባነው በማግስቱ ነው።

ሜዳውን ከጎል እስከ ጎል አጋማሹ ላይ በቆርቆሮ ከፈሉት። ወዲያ ማዶ ማሽኑ፣ ጩኸቱና ጉድጓዱ፤ ወዲህ እኛ፣ ደረጃችንና ግማሽ ሜዳ። ወደ ዋናው መንገድ የሚያስወጣ አንድ የብረት በር ቀረልን። በዚያ በር ላይ ሰንሰለት ታሰረበት። ሰንሰለቱን ያሰረው አፍራሹ ነው ብዬ ነበር የማምነው፤ ማንም ሳይነግረኝ ራሴ ደመደምኩ። ክፉ ሰው እሱ ነዋ! አሁን ሳስበው ሰንሰለቱ የተንጠለጠለው በእኛ በኩል ነበር፣ ቁልፉም የሚንሿሿው አባዬ ኪስ ውስጥ ነበር። በየቀኑ እያየሁት አላየሁትም።

ትምህርት ቤት ቀረሁ። እማዬም ገበያ ቀረች፣ እህቷ ጋ መሄድ ቀረች። ከእኛ የሚወጣው አባዬ ብቻ ነው፤ በሩን ከኋላው ቆልፎ ይሄድና ድንችና ዳቦ ገዝቶ ላብ በላብ ሆኖ ይመለሳል፣ ሲገባም መጀመሪያ እማዬ የት እንዳለች ነው የሚያየው። አምበል ስለሆነ ነው የሚወጣው አልኩ በሆዴ፤ ሳንቲም ሲጣል የሚሄደውም አምበል አይደል? እማዬ ግን ለካምፕ የምትሆን ሰው አልነበረችም። ሥራ ሲያልቅላት የብረቱ በር ሥር ትቀመጥና ጆሮዋን ትደግንበታለች። ውጭ ሰው ያልፋል፣ ይሳሳቃል፣ አንዱ አንዱን ይጠራል። ጠዋት ጠዋት የክፍሌ ልጆች እየተጯጯሁ ሲያልፉ እኔም አጠገቧ እቀመጣለሁ። ፀሐይ ስትበረታ በሩ ይግላል፤ እሷ ጀርባዋን አታነሳም።

ደግሞ ወፈረች። ሆዷ ወደፊት ገፋ፣ እግሯ አበጠ። ልጅ ከሐኪም ቤት እንደሚመጣ ነበር የተነገረኝ፣ ስለዚህ ምንም አልጠረጠርኩም። ያለ ልምምድ ካምፕ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይወፍራል፤ አሠልጣኙ ተጫዋቾቹን ሲሳደብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዲያውም በሜዳው ዙሪያ እንድትሮጥ መከርኳት። ሳቋ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከዚያ እንባው ብቻውን ቀጠለ።

አንድ ቀን አባዬ ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ፣ እማዬ ወደ አጋማሹ ቆርቆሮ ሄዳ በቀዳዳው በኩል ከአፍራሹ ጋር ስታወራ አየኋት።  ከተጋጣሚ ጋር መነጋገር! ቆርቆሮው አጠገብ ካለው የታጨደ ሣር ክምር ጀርባ ተደብቄ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

«እህቴ፣ በዚህ ሁኔታ አቧራ ውስጥ መቀመጥ የለብሽም» ይላል አፍራሹ። «ቤቱ ተጠርጎ ነው የሚጠብቃችሁ። የከለከላችሁ የለም።»

«የከለከለኝ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ወንድሜ» አለች እማዬ።

«ሰው ልላክና በሩን ላስከፍተው?»

 እማዬ ግንባሯን ቆርቆሮው ላይ አስደገፈች። ቀስ ብላ፣ በጉልበት ከተከፈተ ሰውዬው ይሞታል፣ እስኪ ልለምነው፣ በራሱ እጅ ይክፈተው አለች። እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አፍራሹ በሩን ሰብሮ ሊገባብን እንደሆነ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ በቆመ ቁጥር ድንጋይ እየለቀምኩ በራችን ሥር እከምር ነበር።

ልመናዋን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ንግግር ብቻ ስለሚመስለኝ አልቆጠርኩትም። እህቴ ዘንድ ሄጄ ልውለድ ትለዋለች። እሱ ደግሞ አንቺ ከወጣሽ እኔ እዚህ ዘበኛ ነኝ እንጂ ባለቤት አይደለሁም ይላታል፤ ዘበኛን ደግሞ ውጣ ይሉታል። ትንሽ ታገሺ፣ አዋላጅ እዚሁ አመጣልሻለሁ። አንድ ቀን ግን ሌላ ነገር አመለጠው፦ «ያኔም እመለሳለሁ ብለሽ ነበር።»  ለካስ እኔ ጡት ሳልጥል እህቷ ጋ ሄዳ ቀርታ ነበር፣ እሱም ደጅ ጠንቶ ነው ያመጣት። ሰንሰለቱ ለአፍራሹ አልነበረም ማለት ነው። ይህንን ለመረዳት እኔ ራሴ ትዳር ይዤ መፍታት ነበረብኝ።

አባዬ ግን ሣሩን ማጠጣት አላቆመም። ጠዋትና ከሰዓት የውሃ ጎማውን ይዞ ግማሽ ሜዳውን ሲያዳርስ፣ ቢጫ የሆነችውን እየነቀለ አዲስ ሲተክል ይውላል። ዳር ዳሩን በእጁ ያጭዳል። ለመክፈቻው ጨዋታ ነው ይለኛል። በዚያ ስታዲየም ዛሬ ያለው ሣር በጥቅልል መጥቶ የተነጠፈ ፕላስቲክ ነው፤ ገና ሥራው ሳይጀመር የተወሰነ ነገር ነበር፣ ለእሱም ተነግሮታል። አረንጓዴነቱ አይጣል ነው። ውሃ አይፈልግም።

የዚያን ቀን ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። እማዬ ቡታጋዙ ላይ ሽንኩርትና ድንች ጥዳ እያማሰለች ሳለ ማንኪያውን ለቀቀችው። ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ደረጃውን ተደግፋ፣ እየቆመች እየሄደች፣ የብረቱ በር ጋ ደረሰች። ቀሚሷ ርሶ ነበር፣ ውሃ የደፋች መሰለኝ። አባዬ ጎማውን እንደያዘ መጣ፤ ውሃው እግሩ ላይ ይፈስሳል፣ አላስተዋለም።

«ክፈትልኝ» አለችው።

አዋላጇን ልጥራ፣ ሩቅ አይደለችም አላት።

«ውሃዬ ፈሷል። እዚህ ጉድጓድ ውስጥ አልወልድም። ብቻዬን መሄድ አልችልም፣ ይዘኸኝ ሂድ።»

አባዬ ወደ በሩ አየ፣ ወደ ቤታችን አየ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ቤቱን ባዶ ጥዬ እንዴት እወጣለሁ ሲል ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ። እማዬ መልስ መስጫ ትንፋሽ አልነበራትም፣ ጥርሷን ነክሳ ሰንሰለቱ ላይ ተንጠለጠለች። የሚያደርጉት የጠፋቸው ትልልቅ ሰዎች ሳይ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ግን መላው ወዲያው ታየኝ። እንዴት አይታየኝ፣ ስንት ጨዋታ አይቼ!

«አባዬ» አልኩት እጅጌውን ጎትቼ፣ «የተጎዳ ሰው ይወጣል እኮ። ቤቱን እኔ እይዘዋለሁ።»

ቁልቁል አየኝ። እንደዚያ ቀን ትኩር ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ ማንም ቢጠራሽ ድምፅ እንዳታሰሚ፣ ማንም ቢመጣ እንዳትወጪ አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ እማዬን «ልጅቷን ባለሱቋ ጋ አደርሳታለሁ፣ አታስቢ» አላት። ባለሱቋ ከበሩ ፊት ለፊት ከረሜላ የምትሸጥ፣ እማዬ የምታምናት ሴት ናት። እማዬም ዓይኗን ከድና «ከሷ እንዳትርቂ እሺ» አለችኝ። አባዬ በዓይኑ ጠቀሰኝ፣ እኔም ዝም አልኩ። የካምፕ ምስጢር አይወጣማ።

ሰንሰለቱ ተፈታ። መንገዱ ለቅጽበት ታየኝ፦ መኪና፣ ሰው፣ አንድ ውሻ። አባዬ ምጥ ዓይኗን ያስከደናትን እማዬን በብብቷ ይዞ አወጣትና በሩ ተዘጋ። ሰንሰለቱ በውጭ በኩል ሲንኳኳ ሰማሁ። ልቤ በኩራት ሊፈነዳ ምንም አልቀረው።

ገብቼ የቤታችንን በር ዘጋሁ፣ ማዳበሪያ ጆንያውን አስደገፍኩት፣ አልጋ ሥር ገባሁ። ጣሪያው እዚያ ጋ በጣም ዝቅተኛ ነው። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፣ ጨለማው የአሮጌ ጫማና የኖራ ሽታ አለው። ድንቹ ሲንተከተክ ይሰማኛል። አፌን በእጄ ያዝኩ።

ምን እንደሆነ የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ከፈረሰው ጥላ ፎቅ ፍርስራሽ ላይ የቆሙ ሠራተኞች ባለሜዳው ሚስቱን ይዞ በመንገዱ ሲሄድ አዩ። ወሬው ወዲያው ለፎርማኑ ደረሰ፦ ወጡ፣ በመጨረሻ ወጡ፣ ግልግል! ሥራው በእኛ ምክንያት ተጓትቶ ስለነበር አንድ ሰዓት እንኳ የሚያባክን አልነበረም። ቆርቆሮውን ገነጠሉና ማሽኑን አስገቡ። አባዬ በሕይወቱ ሙሉ የፈራው ነገር ትክክል ሆነ ማለት ነው።

እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ከላዬ ዱም አለ። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ፣ አቧራ ፊቴ ላይ ፈሰሰ። እንደገና ዱም! እግር ነው፤ የሕዝብ እግር! ሕዝቡ ገብቷል፣ ጨዋታው ተጀምሯል። አልጋ ሥር ሆኜ በደስታ እግሬን አወራጨሁ። ይህን ያህል የሚያዘልል ጎል አይቼ አላውቅም፤ ድስቱን የሚከድን ሰው ባለመኖሩ ብቻ አዘንኩ። ከግድግዳው የሲሚንቶ ቁራጭ ወድቆ ቡታጋዙ አጠገብ ተፈረካከሰ። ሳሌን ዋጥኩት።

በማፍረስ ሥራ አንድ ደንብ አለ። ማሽኑ ወደ አንድ ክፍል ከመጠጋቱ በፊት አንድ ሰው በመዶሻ ግድግዳውን እየመታ ይገባል፣ ሰው አለ ወይ ብሎ ይጣራል፣ መልስ ካጣ ይወጣና እጁን ያነሳል። ብዙዎቹ በር ላይ ቆመው ነው የሚጣሩት። አፍራሹ የማልያ ክፍሉንና የመሣሪያ ክፍሉን እንዲያ አድርጎ ሲያልፍ ሰማሁት። ከዚያ የእኛን ግድግዳ መታ።

«ሰው አለ?»

ተጋጣሚ ነው። ትንፋሼን ያዝኩ።

«ሰው አለ ወይ?»

ለሦስተኛ ጊዜ ተጣራ። ዝም። እግሩ ሲመለስ፣ ጠጠሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። አሸነፍኩት አልኩ። ከዚያ ኮቴው ቆመ። ድንቹ ማረር ጀምሮ ነበር፤ ሽታው በበሩ ሥር ወጥቶ አግኝቶታል። ጆንያውን ገፍቶ ገባ፣ የሚያርረውን ድስትና የተለኮሰውን ቡታጋዝ አየ። «ያንተ ያለህ!» ሲል ሰማሁትና ወዲያው በሆዱ ተኝቶ ፊቱ አልጋው ሥር ብቅ አለ። ቅንድቡ ነጭ የሆነ ፊት። ድንጋዮቼን ደጅ ረስቻቸዋለሁ።

አልወጣም አልኩት። ካምፕ ነን፣ እኔ ከወጣሁ ቤቱ ይሄዳል፣ አባዬ አትውጪ ብሎኛል አልኩት ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። ጎትቶ ያወጣኛል ብዬ የአልጋውን እግር አቀፍኩ። እሱ ግን አልነካኝም። በር ላይ ሄዶ እጁን አጣምሮ ለማሽኑ ነጂ ምልክት ሰጠ፣ ዱምዱምታው ቆመ። ያኔ የመጣውን ዓይነት ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም፤ ሕዝቡ በሙሉ ትንፋሹን የያዘ መሰለኝ። ተመልሶ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጠ።

«እንግዲያው እኔም አልወጣም» አለኝ። «አባትሽ እስኪመጣ አብረን እንጠብቃለን።»

ከኪሱ ዳቦ አውጥቶ ግማሹን በአልጋው ሥር አንከባለለልኝ።  ሠራተኞቹ በር ላይ ተሰብስበው አንገታቸውን ያስገባሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጣሉ፣ አንዱ ግድግዳው ላይ ግንባሩን ደፍቶ አለቀሰ። በእኔ ቤት ተሸንፈው ነው የሚያለቅሱት።

አባዬ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩጫ ደረሰ። የደረጃው ጫፍ ተገምጦ ሰማይ ይታያል። ሰዎቹን እየገፋ ገባ፣ አልጋው ጋ እየጎበጠ መጣ። መጀመሪያ የዳሰሰው ጣሪያውን ነው። ስንጥቁን በመዳፉ ተከትሎ እስከ ጥጉ ሄደ፣ ከዚያ እኔን አየ። አፍራሹ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ሚስትህን አደረስክ?» አለው።

«አደረስኩ።»

«እሷስ?» አለ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ።

አባዬ እንደገና ስንጥቁን ዳሰሰ። አፍራሹ ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላየውም። ዛሬ የሚነካ ነገር የለም፣ ልጅቷን እናቷ ጋ ውሰድ፣ እስክትመለስ እዚሁ በሩ ላይ ነኝ አለው። አባዬ ሁለት ጊዜ አስማለው። ከዚያ እጄን ይዞ አወጣኝ። መንገዱን ሳይ ዓይኔ ተጭበረበረ፣ ያ ሁሉ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ገረመኝ።

ሐኪም ቤቱ ነጭ ነው፣ መስኮቱ የግድግዳውን ግማሽ ያህላል። እማዬ መስኮቱ ሥር ተኝታለች፣ አጠገቧ የተጠቀለለ ነገር አለ። ወንድምሽ ነው አሉኝ። ፊቱ የተጨማደደ፣ የተናደደ ዳኛ የሚመስል ነው። እማዬ ሳመችኝ፣ ፀጉሬ ውስጥ አቧራ አየች፣ በጣቷ አራገፈችው። ከረሜላ በላሽ ወይ፣ ባለሱቋን አላስቸገርሽም ወይ አለችኝ።

አባዬ ከጀርባዬ አሳለ። እኔ ግን የማወራው ነገር አፌን ሞልቶት ነበር፣ ማን ያቆመኛል? ሱቅ አልሄድኩም፣ ቤቱን ብቻዬን ያዝኩት፣ አልጋ ሥር ሆኜ፣ አፍራሹ ቢጠራኝም አልመለስኩም፣ ጣሪያው ሲፈርስም ድምፅ አላሰማሁም፤ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እጇ ፀጉሬ ላይ ቆመ። ጎሽ እንድትለኝ ቀና ብዬ አየኋት። እሷ የምታየው እኔን አልነበረም፣ ከአናቴ በላይ ነበር የምታየው። አባዬ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይጠመዝዘዋል።

«ከበር ውጭ ቆልፈህባት?» አለችው፣ ሕፃኑ እንዳይነቃ በዝግታ።



ወደ ራሷ ሳበችኝና አልጋው ላይ፣ በእሷና በመስኮቱ መካከል አስቀመጠችኝ። እጄን ያዘችው። ስታጠብቀው አመመኝ፣ ግን ደስ ስላላት ነው ብዬ ቻልኩት።

«ሂድ» አለችው። «ሂድ፣ ቤትህን ጠብቅ።»

አባዬ ወደ ሕፃኑ አንድ እርምጃ ተራመደ፣ ተወው። ማታ እመጣለሁ አለ።  ኮፍያውን አደረገና ሄደ። በመስኮቱ ግቢውን ሲያቋርጥ አየሁት፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ በሩ ጋ ሲደርስ በሩጫ ነው የሚሄደው። መስታወቱን እየደበደብኩ «አባዬ፣ በርታ!» ብዬ ጮህኩ። እጄን አውለበለብኩ፣ ዞሮ አየኝ፣ እሱም እጁን ሊያነሳ ሲል እማዬ መጋረጃውን እንድዘጋው ነገረችኝ።